አረንጓዴው ስክሪን ላይ የእቃ መዝገብ መሥራት

ጥቁር መደብ፣ አረንጓዴ ጽሑፍ። ማውዝ የለም፣ ምስል የለም። መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ "ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል እንዴ?" ይላል። አዎ፣ ይሠራል። ይህ ስክሪን የአይቢኤም ኤኤስ/400 የሚባለው ኮምፒውተር ነው፤ ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሲስተም/38 እና ሲስተም/36 ናቸው፤ ከሁለቱም የወረሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያየረ። ከ2008 ጀምሮ ስርዓተ ክወናው አይቢኤም አይ ይባላል፣ የሚሮጠውም ፓወር በሚባሉት ሰርቨሮች ላይ ነው። አብረውት የኖሩት ሰዎች ግን ዛሬም ኤኤስ/400 ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

በ1995 ፕሮሰሰሩ ከ48 ቢት ወደ 64 ቢት ሲሻገር እንኳ ብዙው የድሮ ፕሮግራም ኮዱ ሳይነካ ተተርጉሞ ሥራውን ቀጠለ። ፕሮግራሞቹ በቀጥታ ለፕሮሰሰሩ ሳይሆን በመሃል ላለ ንብርብር ስለሚዘጋጁ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትጽፉት ነገር እናንተ ከሥራው ከለቀቃችሁ በኋላም ሊሮጥ ይችላል። የሚወርሰው ሰው እንዳይረግማችሁ አድርጋችሁ ጻፉት።

ይህን የምጽፈው ፕሮግራም መጻፍ ትንሽ ለሚያውቅ፣ ግን እንዲህ ያለውን ማሽን ነክቶ ለማያውቅ ሰው ነው። የምንሠራው ትንሽ የእቃ መዝገብ ነው፦ እቃ ይገባል፣ እቃ ይወጣል፣ ቀሪው ይታወቃል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እዚህ ማሽን ላይ ዋናው ሥራ ፋይሉ ነው። ፋይሉን በደንብ ካሰባችሁበት ፕሮግራሙ አጭር ይሆናል። ካላሰባችሁበት ግን ለዓመታት ስትጠጋግኑ ትኖራላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ 5250 የሚባለውን ተርሚናል የሚያስመስል ሶፍትዌር። ሁለተኛ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል። ሦስተኛ፣ በስማችሁ አዲስ ነገር መፍጠር የሚያስችል ፈቃድ። የመሥሪያ ቤታችሁን ማሽን ለልምምድ መንካት ካልተፈቀደላችሁ፣ ፐብ400 የሚባል በነጻ አካውንት የሚሰጥ ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ አለ። ለመማር እሱ ከበቂ በላይ ነው።

ኪቦርዱን ካልለመዳችሁት ያናድዳል። ለምሳሌ ስክሪኑ ላይ መጻፊያ ባልሆነ ቦታ አንድ ፊደል ከመታችሁ ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ኪቦርዱን ቆልፎባችሁ ነው። ሪሴት የሚባለውን ተጫኑ፣ ይለቃችኋል። ሌላው ፊልድ ኤግዚት ነው። "ትልቅ ብሎን" የሚል ፊልድ ላይ "ቀለም" ብላችሁ ጽፋችሁ በታብ ብታልፉ፣ የድሮው ጽሑፍ ጭራ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። በፊልድ ኤግዚት ብታልፉ ግን ከጠቋሚው በኋላ ያለውን ሁሉ ይጠርገዋል። ሁለቱ ቁልፎች የእናንተ ሶፍትዌር የትኛው ቦታ ላይ እንዳስቀመጣቸው በኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ ፈልጉ። እዚህ ላይ የምታጠፉት አምስት ደቂቃ አያስቆጭም።

የትእዛዞቹ ቋንቋ

ትእዛዞቹ ሲታዩ የተመሰቃቀሉ ፊደሎች ይመስላሉ። ግን ሕግ አላቸው። መጀመሪያ ግሱ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ፊደል ታጥሮ። ክሬት ሲአርቲ ይሆናል፣ ዲስፕሌይ ዲኤስፒ፣ ቼንጅ ሲኤችጂ፣ ወርክ ደብሊውአርኬ። ከዚያ የሚሠራበት ነገር ይቀጠላል። ላይብረሪ፣ ማለትም ፋይልና ፕሮግራም የሚቀመጥበት ክፍል፣ ኤልአይቢ ነው። ስለዚህ ላይብረሪ ለመፍጠር ሲአርቲኤልአይቢ ትላላችሁ። ዲስፕሌይ ላይብረሪ ምን እንደሚሆን አሁን ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ትእዛዞቹን በሙሉ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ አሳጥራችሁ መምታቱ የእናንተ ነው።

መሸምደድ አያስፈልግም። የትእዛዙን ስም ጽፋችሁ ኤፍ4ን ተጫኑ፤ መሙላት ያለባችሁን ሁሉ በፎርም መልክ ያወጣላችኋል። ምንም ሳትጽፉ ኤፍ4 ብትጫኑ ደግሞ የትእዛዞቹን ምድቦች የያዘ ሜኑ ይመጣል። ግራ የገባችሁ ቦታ ላይ ጠቋሚውን አድርጋችሁ ኤፍ1። ኤፍ3 መውጫ ነው፣ ኤፍ12 አንድ እርምጃ ወደኋላ። አንጋፋ ፕሮግራመሮችም ቀኑን ሙሉ ኤፍ4ን ሲጫኑ ነው የሚውሉት፤ አትፈሩ።

ቤቱን መሥራት

ክሬት ላይብረሪ በሚለው ትእዛዝ ለራሳችሁ አንድ ላይብረሪ ፍጠሩ። ስሙ ከ10 ፊደል አይበልጥም፤ እዚህ ማሽን ላይ የማንኛውም ነገር ስም እንደዚያው ነው። ዓይነቱን ሲጠይቃችሁ ዝም ካላችሁት ፕሮዳክሽን ያደርገዋል። ለመለማመጃው ቴስት በሉት። ልዩነቱ ስህተት ስታድኑ ነው የሚታየው፦ ዲበገሩ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር በፕሮዳክሽን ላይብረሪ ውስጥ ያለ ፋይል እንዲቀየር አይፈቅድም። ይህን የማያውቅ ሰው "ፕሮግራሙ ለብቻው ሲሮጥ ይሠራል፣ በዲበገር ግን እምቢ ይላል" እያለ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ቀጥሎ የኮድ ማስቀመጫ ፋይሎች ያስፈልጋሉ። ክሬት ሶርስ ፊዚካል ፋይል ነው ትእዛዙ። አንዱ ለፋይልና ለስክሪን መግለጫ፣ ሌላው ፕሮግራሙን ለምንጽፍበት ቋንቋ ለአርፒጂ፣ ሦስተኛው ለትእዛዝ ቋንቋው ለሲኤል። የመስመሩን ርዝመት ለአርፒጂው 112 አድርጉ። ዝም ካላችሁት 92 ይሆንና ከዚያ ውስጥ 12ቱ ለመስመር ቁጥርና ለቀን ስለሚሄድ ለኮዳችሁ 80 ብቻ ይቀራል። ለሌሎቹ 92 ይበቃል።

መጻፊያውስ? የድሮው መንገድ ፒዲኤም የሚባለውን ዝርዝር ከፍቶ በኤስኢዩ መጻፍ ነው። ይሠራል፤ ግን ኤስኢዩ አዲሱን የአርፒጂ አጻጻፍ አያውቅም፣ ትክክለኛውን መስመር ሁሉ ስህተት ነው ይላችኋል። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ቪኤስ ኮድን አውጡና ኮድ ፎር አይቢኤም አይ የሚባለውን ተጨማሪ ጫኑበት። ኤስኢዩን ግን ጨርሳችሁ አትናቁት። ሌሊት ከቤት ተጠርታችሁ ከተርሚናል በቀር ምንም የሌለበት ቦታ ስትቀመጡ ይደርስላችኋል።

ፋይሉ

እዚህ ላይ ቁጭ በሉ። ኮምፒውተሩን ዝጉና ወረቀት አውጡ።

ሁለት ፋይል ነው የሚያስፈልገን። አንዱ የእቃዎች ዝርዝር ነው፦ ኮድ፣ ስም፣ መለኪያ፣ ዋጋ፣ ቀሪ። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ መዝገብ፦ የትኛው እቃ፣ መቼ፣ ገባ ወይስ ወጣ፣ ስንት፣ ማን መዘገበው። ጀማሪ ሁለተኛውን ይዘለዋል። "ቀሪውን ራሱን ብቀይረውስ?" ይላል። ትቀይረዋለህ። ከሦስት ወር በኋላ ቀሪው 12 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 9 አለ፣ ሦስቱ የት እንደሄዱ የሚናገር አንድም መስመር የለም። ቀሪ የእንቅስቃሴ ውጤት ነው። እንቅስቃሴው ካልተመዘገበ ቀሪው ወሬ ነው።

የእቃ ኮድ ቁጥር ቢመስልም የፊደል ዓይነት አድርጉት። ዛሬ ኮዶቹ ሁሉ ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ። ነገ አንዱ መጥቶ "ከዚህ በኋላ መጨረሻው ላይ ኤ እና ቢ ይጨመርበት" ይላል። መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮም ቁጥር ሲሆን ይጠፋል። በኮድ ደምራችሁ ወይም አባዝታችሁ አታውቁም፤ የማይደመር ነገር ቁጥር መሆን አያስፈልገውም።

ብዛትና ዋጋ ፓክድ ዴሲማል ይሁኑ። ይህ ማሽን ለገንዘብ ሥራ የተሠራ ነው፤ ዴሲማሉን እንደወረደ ነው የሚያስቀምጠው፣ የሳንቲም ሽርፍራፊ አይጠፋበትም። በፓክድ አንድ ባይት ውስጥ ሁለት አሃዝ ይገባል፣ መጨረሻው ላይ ግማሽ ባይት ለምልክት ይሄዳል። ስለዚህ 9 አሃዝ 5 ባይት ይወስዳል። 8 አሃዝም 5 ባይት ነው የሚወስደው። ለዚህ ነው የዚህ ማሽን ሰዎች ሁልጊዜ 7፣ 9፣ 11 የሚሉት፦ ጎዶሎ ሲሆን የሚባክን የለም። ብዛቱን 9 አሃዝ ከ3 ዴሲማል ጋር አድርጉት፣ ዛሬ የምትቆጥሩት በፍሬ ብቻ ቢሆንም። በሜትርና በኪሎ የሚለካ እቃ መምጣቱ አይቀርም።

ቀኑን በእውነተኛው የቀን ዓይነት አስቀምጡ። በድሮ ፋይሎች ውስጥ ቀን በ6 አሃዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ዓመቱ በሁለት አሃዝ። ከ2000 በፊት በነበሩት ዓመታት ስንት ሰው እንቅልፍ እንዳጣበት ከአንጋፋዎቹ ጠይቁ።

አሁን መግለጫውን ጻፉ። ዲዲኤስ ይባላል፤ ቦታ የሚቆጥር ቋንቋ ነው። ስድስተኛው ቦታ ላይ ኤ የሚለው ፊደል። 17ኛው ላይ አር ካለ የመዝገቡ ስም ነው፣ ኬ ካለ መለያ ቁልፍ። የፊልዱ ስም ከ19 እስከ 28፣ ርዝመቱ ከ30 እስከ 34፣ ዓይነቱ 35፣ ዴሲማሉ 36 እና 37። ከ45 ጀምሮ ተጨማሪ ቃላት ይገባሉ። አንድ ቦታ ብትስቱ ኮምፓይለሩ ይጮኻል። ፋይሉ አናት ላይ ዩኒክ የሚለውን ቃል አትርሱ፤ አንድ ኮድ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ማሽኑ ራሱ ይጠብቅላችኋል። ለእያንዳንዱ ፊልድ ደግሞ ቴክስት በሚለው ቃል የሰው ቋንቋ ማብራሪያ ስጡት። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ "ይቺ ፊልድ ደግሞ ምንድን ነች?" እየተባሉ ይኖራሉ።

ኤስኪውኤል የምትችሉ ከሆነ ክሬት ቴብል ብላችሁ መሥራትም ይቻላል፣ ስር ያለው ዳታቤዝ ያው ዲቢ2 ነው። ለአዲስ ሥራ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ነገር ግን ያሉትን ፋይሎች ለማንበብ ዲዲኤስ ማወቃችሁ ግድ ነው፤ ለስክሪኑም ያስፈልጋችኋል።

መግለጫው ሲያልቅ ክሬት ፊዚካል ፋይል። እዚህ ላይ ቆዩኝ፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ስሠራ የእንቅስቃሴ ፋይሉን ፈጠርኩና ሌሎቹን ቅንብሮች ዝም ብዬ አለፍኩ። ለወራት እንደ ጸበል ወረደ። አንድ ቀን ጠዋት የሁሉም ሰው ስክሪን ቀጥ አለ። ኤረር የለም፣ መልእክት የለም፣ ዝም። ኔትወርኩን ነካካን፣ ተርሚናል አጠፋን አበራን። በመጨረሻ አንድ ሰው የሲስተም ኦፕሬተሩን የመልእክት ሰልፍ ከፈተ። ሲፒኤ5305 የሚል መልእክት መልስ እየጠበቀ ተቀምጧል፦ ፋይሉ ሞልቷል። በዲዲኤስ የሚሠራ ፋይል መጠኑን ካልነገራችሁት 10,000 መዝገብ ይይዛል፣ ከዚያ 1,000 በ1,000 ሦስት ጊዜ ያድጋል። 13,000 ላይ ቆሞ ሰው ይጠይቃል። አይ (I) የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል መልሰን ሥራው ቀጠለ። ስለዚህ ሳይዝ በሚለው ቦታ ኮከብ ኖማክስ (*NOMAX፣ ገደብ የለውም) ብላችሁ ሙሉ። እዚያው አጠገብ የተሰረዘ መዝገብ ቦታ እንደገና ጥቅም ላይ ይዋል ወይ የሚል አለ፤ እሱንም ለእቃ ዝርዝሩ የስ በሉት።

በኤስኪውኤል የተፈጠረ ቴብል በሁለቱም በኩል ከጅምሩ የተስተካከለ ነው። ይህን ያወቅኩት ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው።

ሌላ መደርደሪያ

የእቃ ዝርዝሩ በኮድ ነው የተደረደረው። ሰው ግን እቃን በስም ነው የሚፈልገው። ለዚህ ሎጂካል ፋይል አለ። ዳታውን አይገለብጥም፤ በሌላ ቅደም ተከተል ያሳየዋል እንጂ። ሦስት መስመር ዲዲኤስ ነው፦ የመዝገቡ ስም፣ የተመሠረተበት ፋይል፣ አዲሱ መለያ ቁልፍ። በስም የሚደረድር አንድ ሥሩ። ለእንቅስቃሴውም በእቃ ኮድና በጊዜ የሚደረድር አንድ። ከዚያ አትለፉ፤ እያንዳንዱ መዝገብ በተጻፈ ቁጥር ማሽኑ ሁሉንም መደርደሪያ ማስተካከል አለበት።

ምንም ፕሮግራም ሳትጽፉ አሁኑኑ አሥር እቃ አስገቡ። አፕዴት ዳታ የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ስጡት፣ ጊዜያዊ የመመዝገቢያ ስክሪን ራሱ ይሠራላችኋል። ያስገባችሁት የምር እቃ ይሁን እንጂ "ሀሀሀ" እና "111" አይሁን። ስሙ በ25 ፊደል እንደማይበቃው የሚታየው እዚህ ነው፣ ማስተካከሉም አሁን ከሁሉም ርካሽ ነው።

ስክሪኑ

ስክሪኑ 24 መስመር በ80 ፊደል ነው። ጠባብ ነው፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። የማያስፈልግ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

ስታርት ኤስዲኤ በሚለው መሣሪያ እየሳላችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ አንዱ ኮድ የሚጠይቅ፣ ሌላው የእቃውን ዝርዝር አሳይቶ የእንቅስቃሴውን ዓይነትና ብዛት የሚቀበል። ፊልዶቹን እንደገና ርዝመታቸውን እየሰጣችሁ አትጻፉ። ሬፍ በሚለው ቃል ከእቃ ፋይሉ ይውሰዱ። ፋይሉ ውስጥ ስሙ ከ25 ወደ 40 ፊደል ሲያድግ ስክሪኑንና የሚጠቀምበትን ፕሮግራም እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይበቃችኋል።

ኤፍ3ን ስታውጁ ሲኤ03 እና ሲኤፍ03 የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሲኤ ተጠቃሚው የጻፈውን ሳያመጣ ይመለሳል፣ ሲኤፍ ግን ይዞት ይመጣል። ለመውጫና ለመሰረዣ ሲኤ፣ ለሌላው ሁሉ ሲኤፍ። ለቁጥር ማሳያ ኤዲት ኮድ ጄን ስጡት፤ ኮማውን አስገብቶ፣ የመቀነስ ምልክቱን በቀኝ በኩል ያወጣል። ስህተት ሲኖር የፊልዱ የጽሑፍና የመደብ ቀለም እንዲገለበጥ አድርጉ፣ ጠቋሚውም እዚያው ይሂድ። ቀለም ግን አታብዙ። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሰው ዓይን አለው።

ፕሮግራሙ

አርፒጂ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለ ቋንቋ ነው፤ የተወለደው ሪፖርት ለማውጣት ነው። የድሮውን ኮድ ስታዩ ሁሉም በአምድ በአምድ ታስሯል። ከ2013 ወዲህ አዋጆቹም ሳይቀሩ በነጻ ይጻፋሉ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ከመስመሩ መጀመሪያ አንስቶ የአምድ ገደብ የለም። አዲስ ፕሮግራም በድሮው መንገድ የምትጽፉበት አንድም ምክንያት የለም። የድሮውን ማንበብ መቻል ግን ግድ ነው፤ እንጀራው ያለው እዚያ ነው።

የፕሮግራሙ አካሄድ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦

ኤፍ3 እስካልተጫነ ድረስ ድገም
– የኮድ መጠየቂያውን አሳይ፣ መልስ ጠብቅ
– እቃውን በኮዱ ፈልግ፣ ሳትቆልፍ
– ካልተገኘ መልእክት አውጣ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስ
– ዝርዝሩን አሳይ፣ ዓይነትና ብዛት ተቀበል
– ብዛቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ አትቀበል
– እቃውን እንደገና አንብብ፣ አሁን ቆልፈህ
– የሚወጣ ከሆነና ቀሪው የማይበቃ ከሆነ፣ ልቀቅና መልእክት አውጣ
– እንቅስቃሴውን ጻፍ
– ቀሪው ላይ ደምር ወይም ቀንስ፣ መዝገቡን አድስ
– ሁለቱንም አጽድቅ

ማሳየትና መጠበቅ በአንድ ትእዛዝ ነው የሚሠራው፣ ኤክስፎርማት በሚሉት። መፈለጊያው ቼይን ነው፤ ካገኘው ፋውንድ እውነት ይሆናል። ሁሉም ሲያልቅ ኤልአር የሚባለውን አመልካች አብሩ። እሱ ፋይሎቹን ይዘጋል፣ ፕሮግራሙንም ያሰናብታል። ጭራሽ ከረሳችሁት ኮምፓይለሩ "ይህ ፕሮግራም እንዴት እንደሚያልቅ ማወቅ አልቻልኩም" ብሎ ይመልስባችኋል። ትክክል ነው፣ እኔም አላወቅኩም።

እቃው ለምን ሁለት ጊዜ ይነበባል? ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ፋይል ለማደስ ከተከፈተ ቼይን ያነበበውን መዝገብ ይቆልፋል። አሁን መዝጋቢው ኮዱን አስገባ እንበል። ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ስልክ ጠራ፣ ተነስቶ ወጣ፣ ምሳውን በላ። መዝገቡ ይህን ሁሉ ጊዜ ተቆልፏል። ሌላው መዝጋቢ ያንኑ እቃ ሲጠራ 60 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ይወድቅበታል። "ሲስተሙ ዘገየ" ከሚሉት ቅሬታ ብዙው ይሄ ነው። መድኃኒቱ ለማሳየት ስታነቡ ቼይን ላይ በቅንፍ ኤን መጨመር ነው፤ ያነባል፣ አይቆልፍም። የምር የምትቆልፉት ኢንተር ከተጫነ በኋላ ነው፣ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይከተላል። ቀሪው 40 ነው። ሁለት መዝጋቢዎች በተመሳሳይ ጊዜ 40ን ያያሉ። አንደኛው 10 ያወጣል፣ ሁለተኛው 5። ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ ካየው 40 ተነስቶ ካሰላ መጀመሪያ 30 ይጽፋል፣ ቀጥሎ 35 ይጽፍበታል። 10 ፍሬ እቃ ከመዝገብ ተመልሶ "ተገኘ"። ስለዚህ ስሌቱ ሁልጊዜ ተቆልፎ አሁን ከተነበበው ቀሪ ይነሳ እንጂ ከስክሪኑ አይሁን። ያኔ ሁለተኛው 30 አግኝቶ 25 ይጽፋል።

ዝርዝር የሚያሳይ ስክሪን ሰብፋይል ይባላል። ስሙ ነው የሚያስፈራው። አንዱ ፎርማት የመስመሩን መልክ ይይዛል፣ ሌላው አርዕስቱንና መቆጣጠሪያውን። ትጠርጉታላችሁ፣ እያነበባችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ታሳዩታላችሁ። ከ9,999 መስመር በላይ አይይዝም፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አትጫኑ። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ሰውየው ፔጅ ዳውን ሲል የሚቀጥለውን።

ኮምፓይልና ጩኸቱ

ኮምፓይል ሳይሳካ ሲቀር የስህተቱ ዝርዝር ወደ ስፑል ፋይል፣ ማለትም ለማተም ወደሚቀመጥ ጽሑፍ፣ ይሄዳል። ወርክ ስፑል ፋይል ብላችሁ ክፈቱት፣ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ውረዱ። ክብደታቸው 20 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ እዩ፤ ከእነሱም መጀመሪያ ያለውን። አርባ ስህተት ያያችሁት ብዙ ጊዜ አንድ ያልታወጀ ፋይል ነው።

ሲሮጥ የሚመጡት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ሌቭል ቼክ የሚለው ሲፒኤፍ4131 ከሁሉም ይበልጥ ታገኙታላችሁ። ትርጉሙ ፋይሉ ተቀይሯል፣ ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የድሮውን መልክ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ያን ፋይል የሚነኩትን ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። ዲስፕሌይ ፕሮግራም ሬፈረንስ የትኞቹ እንደሆኑ ይነግራችኋል፤ ፋይሉን ከመቀየራችሁ በፊት አሂዱት። አንዳንዱ "ቼኩን አጥፋው" ብሎ ይመክራችኋል። ይሠራልም። ከዚያ አንድ ቀን የዋጋው ባይቶች ብዛት ውስጥ ገብተው ታገኟቸዋላችሁ። አትስሙት።

የዴሲማል ዳታ ኤረር ሲመጣ ደግሞ ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ባዶ ፊደል ተቀምጧል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ዳታ ነው ጣጣው።

ሜኑ፣ ላይብረሪ ሊስት፣ ባክአፕ

ተጠቃሚውን ከትእዛዝ መስመሩ አርቁት። አንድ አጭር የሲኤል ፕሮግራም ጻፉ፦ ላይብረሪውን ወደ ዝርዝሩ ይጨምራል፣ ሜኑውን ያሳያል፣ የተመረጠውን ይጠራል። በተጠቃሚው ፕሮፋይል ላይ እንደ መጀመሪያ ፕሮግራም አድርጉት፣ የመጀመሪያ ሜኑውን ደግሞ ኮከብ ሳይንኦፍ (*SIGNOFF) በሉት፤ ሲገባ ይህ ይከፈትለታል፣ ሲወጣ ማሽኑ ያሰናብተዋል።

ፕሮግራም ውስጥ የላይብረሪ ስም በፍጹም አትጻፉ። ማሽኑ ፋይሉን የሚፈልገው በላይብረሪ ሊስቱ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ያው ፕሮግራም ለመለማመጃ አንዱን፣ ለሥራ ሌላውን የሚያነብበት ዘዴ ይሄ ነው። አደጋውም ይሄ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የመለማመጃ ፋይሌን ላጸዳ ብዬ ክሊር ፊዚካል ፋይል ሜምበር አልኩ። "እርግጠኛ ነህ?" አላለኝም፤ ይህ ትእዛዝ አይጠይቅም። ሊስቴ ላይ ከፊት የነበረው የሥራው ላይብረሪ ነበር። ከባክአፕ እስክንመልሰው ድረስ ያላበኝን ላብ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የሚያጠፋ ትእዛዝ ስጽፍ የላይብረሪውን ስም በግልጽ አስቀምጣለሁ። ከመጫኔም በፊት ሊስቱን አያለሁ።

ጆርናል፣ ማለትም በፋይሉ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚይዝ መዝገብ፣ ይህን ዓይነት ነገር ያቀለዋል። ሦስት ትእዛዝ ነው፦ መቀበያውን መፍጠር፣ ጆርናሉን መፍጠር፣ ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች ስታርት ጆርናል ፊዚካል ፋይል ማለት። ኢሜጅስ የሚለውን ቦዝ አድርጉት፤ የድሮው መልክም አዲሱም ይመዘገባል፣ ለውጡን ወደኋላ መመለስም ይቻላል። እላይ "ሁለቱንም አጽድቅ" ያልኩትም ያለ ጆርናል አይሠራም። ኮሚትመንት ኮንትሮል ሲበራ፣ እንቅስቃሴው ተጽፎ ቀሪው ሳይታደስ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ ሲነሳ ግማሹን ሥራ ራሱ ይሰርዘዋል።

ባክአፑን ሴቭ ላይብረሪ ወደ ቴፕ ወይም ወደ ሴቭ ፋይል ያደርገዋል። ሴቭ ፋይሉ እዚያው ዲስክ ላይ ከተቀመጠ ግን ገና ባክአፕ አልሆነም፣ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት። አንድ ጊዜም ወደ ሌላ ላይብረሪ መልሳችሁ ሞክሩት።

አሁን ተጠቃሚው አጠገብ ተቀመጡ። አፋችሁን ዝጉና እጁን ብቻ እዩ። በኔ ፕሮግራም ላይ የመጀመሪያዋ መዝጋቢ ኮዱን ጻፈች፣ ብዛቱን ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ "አሁን ያወጣሁትን በስህተት ቢሆንስ በምን ልመልሰው?" አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ማታውን ለእንቅስቃሴው ዓይነት ሦስተኛ ፊደል ጨመርኩ፣ ለእርማት። ፋይሉን አልነካሁትም፤ ቦታው ቀድሞውኑ ነበረ።